ሁለተኛው ሪፍ መሃል ላይ ተቀረቀረ፤ አይወርድም፣ አይወጣም

ገመድ ሳቢው (ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተካፍለን አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛን። የ1986 ሥሪት ናት፤ ርዝመቷ 33 ጫማ፣ አሥር ሜትር ገደማ። ከአናፖሊስ በስተደቡብ ዌስት ሪቨር ላይ ነው የምናስራት። ባልደረባዬ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ሲያይ ድርሻውን ለኔ ጥሎልኝ ሄደ። አሁን ጀልባዋም ጣጣዋም የኔ ናቸው።

ሪፍ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ፦ ነፋስ ሲበረታ ዋናውን ሸራ ማሳነስ ማለት ነው። ሸራው ላይ በየደረጃው ቀለበቶች አሉ። አንዱ ከፊት፣ ምሰሶው ጋ ነው። ሌላው ከኋላ፣ ጠርዙ ላይ። ሸራውን ዝቅ ታደርጋለህ፤ የፊቱን ቀለበት መንጠቆ ላይ ትሰካለህ፤ የኋላውን ደግሞ በገመድ ስበህ ከቡሙ ጋር ታጣብቃለህ። ቡም የሸራውን እግር የሚይዘው አግዳሚ ቱቦ ነው፤ ጭንቅላት የሚመታውም እሱ ነው።

የኔ ጀልባ ሁለት ሪፍ አላት። የአንደኛው ገመድ አረንጓዴ፣ የሁለተኛው ቀይ። ሁለቱም ከቡሙ የኋላ ጫፍ ተነስተው ወደየቀለበታቸው ይወጣሉ። ተመልሰው ይወርዱና ጫፉ ላይ ባለው ፑሊ ቡሙ ውስጥ ይገባሉ። በሆዱ አልፈው በፊት በኩል ይወጣሉ። ከዚያ በጣሪያው ላይ አድርገው ኮክፒት (መሪው ያለበት መቀመጫ) ውስጥ ያሉት ክላችና ዊንች ጋ ይደርሳሉ። ክላች ገመዱን ነክሶ የሚይዘው ነው፤ ዊንች ገመድ ጠምጥመህ በእጀታ እያዞርክ የምትወጥርበት። የፊቱን ቀለበት ለመስካት ግን ሰው ምሰሶው ድረስ መሄድ አለበት።

አሁን ወደ ቅዳሜው። እኔ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ፣ እና ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ሳምንት የሆነው የባለቤቴ ወንድም ነበርን። የነፋሱ ትንበያ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ኖት (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)፣ ከሰዓት በኋላ አልፎ አልፎ ሃያ ይላል። ቶማስ ፖይንት የሚባለውን መብራት ቤት ስናልፍ (ያ ባለ ስድስት ማዕዘኑ፣ ውሃ ላይ በብረት እግር የቆመው የ1875ቱ ቤት) ነፋሱ 17 ገባ። አንደኛውን ሪፍ አስገባሁ። እንደ ቅቤ ነው የገባው። የባለቤቴን ወንድም ቀና ብዬ አየሁት፤ «በቃ ይሄ ነው?» አለኝ። «ይሄ ነው» አልኩት፤ ኮራ ብዬ።

ሰዓት ሳይሞላ 24 ሆነ፤ ሲያፏጭ 28 ይደርሳል። የቼሳፒክን ባሕረ ሰላጤ ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጥልቀቱ በአማካይ ስድስት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ ማዕበሉ ትልቅ አይደለም፤ ግን አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ኮብልስቶን መንገድ ያንገጫግጫል። ሁለተኛውን ሪፍ ላስገባ ተነሳሁ። ልጄ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ነፋሱ ያዘችልኝ። ቡሙን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘውን ገመድ፣ ሜንሺቱን፣ አላላሁ። ቡሙን ወደ ታች የሚስበውን ቫንግ ፈታሁ። የቡሙን ጫፍ ከላይ የሚያንጠለጥለውን ገመድ ጠበቅ አደረግኩ። ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለውን ገመድ፣ ሃልያርዱን፣ ቀይ ምልክቱ ድረስ ለቀቅኩ። ምሰሶው ጋ ሄጄ የፊቱን ቀለበት መንጠቆው ላይ ሰካሁ፤ ያለ ችግር። ተመልሼ ቀዩን ገመድ ሳብኩ።

መጀመሪያ ላይ መጣ። ጭነቱ ሲያርፍበት ግን የኋላው ቀለበት ከቡሙ በላይ ሰማንያ ሴንቲሜትር ላይ ቀጥ አለ። ዊንች ላይ ጠምጥሜ በእጀታው ዞርኩ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ እንጂ ቀለበቱ ንቅንቅ አላለም። ይቅርብኝ ብዬ ወደ አንደኛው ሪፍ ልመለስ አልኩ። ክላቹን ከፍቼ ቀዩን ሙሉ በሙሉ ለቀቅኩት። አሁንም የለም። ቡሙ ውስጥ የሆነ ነገር ጥርሱን ነክሶ ይዞታል። ሸራው ከፊት አጥሮ ከኋላ ረዝሞ እንደ ጆንያ ተነፋ፤ ጀልባዋ ትጋደማለች፤ የባለቤቴ ወንድም «ይሄ ነገር ፍሬን የለውም?» ይለኛል።

ልጄ ናት «አባዬ፣ ዝም ብለህ ሁሉንም አውርደው» ያለችኝ። አወረድኩት፤ ቡሙ ላይ በያዝኩት ሁሉ አሰርኩት፤ ሞተር አስነስቼ ተመለስኩ። በሰላም ቀን አርባ ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ሁለት ሰዓት ወሰደብኝ።

ያሳበደኝ ነገር አሁን ነው የሚመጣው። እሁድ ጠዋት ነፋስ በሌለበት፣ መታሰሪያዋ ላይ እንዳለች ሸራውን እስከ ላይ ሰቅዬ ሁለተኛውን ሪፍ ሞከርኩት። ገባ! ፈታሁት፤ ደገምኩት። ገባ። ሦስተኛም ገባ። ፑሊዎቹ ይዞራሉ። ሸራው የትም አልተቀደደም። ደንበኛ ቤት ሄጄ «ትላንት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ አሁን ስትመጣ ተስተካከለ» ሲሉኝ የሚሰማኝ ነገር ነው የተሰማኝ።

ሁለቱንም ገመድ ሚያዝያ ላይ ነው የቀየርኩት። የድሮዎቹ 10 ሚሊ ነበሩ፤ እኔ ለእጅ ይመቻል ብዬ 12 አስገባሁ። እሱ ይሆን?


ሰሜን ስምጥ (ስዊድን)

እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ምሰሶውን ነው የማየው። ሸራው በምሰሶው ጀርባ የሚንሸራተትባቸው ትንንሽ ፕላስቲኮች ይቆሽሻሉ፤ ጨው ይይዛሉ፤ ጭነት ሲመጣባቸው ይነክሳሉ። ነፋስ ሳይኖር ደግሞ ምንም አይላቸውም። አንድ ጣሳ የሲሊኮን ስፕሬይ ገዝተህ ከታች እስከ ላይ ንፋበት። ግራሶ እንዳትቀባ ግን፤ አቧራ ይሰበስብና ሸራህን ያጠቁረዋል።

የኔ ሸራ ምሰሶው ውስጥ የሚጠቀለል ዓይነት ነው፤ የናንተን ጣጣ አላውቀውም። የራሴን ጣጣ ግን አውቃለሁ። አንዴ ላላ ብሎ ከተጠቀለለ ጥቅሉ ይወፍርና ቀዳዳው ላይ ታጥፎ ይቀረቀራል፤ አይወጣ አይገባ። የዚያ መድኃኒቱ ጉልበት አይደለም። መልሰህ ትንሽ ትጠቀልላለህ፤ የኋላውን ጫፍ ወጠር አድርገህ ታወጣለህ፤ ደግሞ ትመልሳለህ። እንደ ተቀረቀረ የሱሪ ዚፕ።


ገመድ ሳቢው

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን እኔ ዘንድ የፊቱ በኩል ያለ ችግር ወርዶ ተሰክቷል። ችግሩ ከኋላ ነው። ስፕሬዩን ግን እገዛለሁ፤ አይጎዳም።


የምጽዋ ሽማግሌ (ሲያትል)

ልጄ፣ ገመዱን ሌሎች ይንገሩህ። እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ምሰሶው ጋ ስትሄድ ከጀልባዋ ጋር በቀበቶ ታስረህ ነበር?

ምሰሶ አትበል ደግሞ፤ ደቀል የሚባል ቃል አለን። ባሕር ኃይል ስገባ የመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ቃል ነው። እኛን ያስተማሩን ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ እነሱን ግን ኖርዌጂያኖች ናቸው ያሠለጠኗቸው። ስለዚህ ኖርዌጂያኖቹ የሚሉት ነገር ሁሉ በእነሱ አፍ ይደርሰን ነበር። ከሁሉ በአእምሮዬ የቀረው ይሄ ነው፦ ሪፍ ላስገባ ወይስ ይቅር ብለህ ካሰብክ ሰዓቱ አልፏል። ነፋስ ከ15 ወደ 25 ሲሄድ ጉልበቱ በአሥር አይጨምርም። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በ17 አንደኛውን አስገባህ፤ ጥሩ። ለሁለተኛው 24 እስኪሆን ምን ትጠብቅ ነበር?

ሁለተኛ፣ ልጅቷን «አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ያዢልኝ» ማለት ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከባድ ሥራ ነው። ሸራው እየተራገፈ፣ ሁሉ ነገር እየጮኸ፣ አባቷ እፊቷ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ። በሚቀጥለው ጀልባዋን አስተኛት። የፊተኛውን ሸራ ገመድ ሳትነካ ጀልባዋን በነፋሱ በኩል አዙራት፤ የፊቱ ሸራ በተቃራኒው በኩል ይቀርና ወደ ኋላ ይገፋታል። ዋናውን ሸራ አላላው። መሪዋን ወደ ነፋሱ እንደመለስክ እሰረው። አንዱ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ሲይዝ ጀልባዋ እንደ ጠገበች ላም ትተኛለች። ጩኸቱ ይቀንሳል። ሻይ ማፍላት ትችላለህ። የዚያን ጊዜ ነው ሄደህ ሪፍህን በእርጋታ የምታስገባው።

ይሄን ጸጥ ባለ ቀን ተለማመደው። ያቺ ልጅ ጥሩ መርከበኛ ናት። «ሁሉንም አውርደው» ያለችህ ትክክል ነበር።


ገመድ ሳቢው

ጋሼ፣ አልታሰርኩም ነበር። ቀበቶው ኮክፒት ሳጥን ውስጥ ነበር። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ደቀሉንም ተቀብያለሁ።


ሸራ ሰፊዋ (ሄርጽሊያ)

ሰላም ወንድሜ። እኔ ሸራ የሚሰፋበትና ገመድ የሚዘረጋበት ቤት ነው የምሠራው፤ ማሪናው አፍ ላይ። እንዲህ ዓይነት ነገር በየወሩ ይመጣልናል። ብዙ ጊዜ ሰውየው አዲስ ሸራ ሊያዝ ነው የሚመጣው፤ ችግሩ ግን ሸራው ላይ አይደለም።

ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ከመመለስህ በፊት ግን አስብበት። ቅዳሜ ሁለተኛውን ሪፍ ስታስገባ አንደኛው አስቀድሞ ገብቶ፣ አረንጓዴው ገመድ በዊንች ተወጥሮ፣ ክላቹ ተዘግቶ ነበር። እሁድ መታሰሪያው ላይ ስትሞክርስ? ሸራውን እስከ ላይ ሰቅዬ ነው ያልከው። አረንጓዴውን ነክተኸዋል?

ካልነካኸው፣ ጀልባዋ ጋ ተመልሰህ እንደ ቅዳሜው አድርገው። መጀመሪያ አንደኛውን አስገባ፤ በዊንች እስኪጮህ ወጥረው። ከዚያ ሁለተኛውን ሞክር። ሲነክስ፣ ምንም ሳትነካ የአረንጓዴውን ክላች ብቻ ከፍተህ ግማሽ ሜትር ልቀቅ። የሚሆነውን ንገረኝ።

12 ሚሊው ጥሩ አይደለም፤ ለ10 የተሠራ ፑሊ ላይ 12 ግድግዳውን እያሻሸ ነው የሚሄደው። ግን እሱ ብቻውን ቢሆን እሁድም ያስቸግርህ ነበር።


ገመድ ሳቢው

እህቴ! ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ ሄድኩ። ሊመሽ አንድ ሰዓት ሲቀረው ደረስኩ፤ በሥራ ልብሴ ነኝ። ነፋስ የለም።

አንደኛውን አስገባሁ። ወጠርኩት። ከዚያ ሁለተኛውን ሳብኩ። እንደ ቅዳሜው ባይሆንም ገና ሜትር ከግማሽ ሳይመጣ ከበደ፤ ጥቂት ስጨምርበት ቆመ። ገመዱን ስስበው ቡሙ ውስጥ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ እርጥብ ጫማ ሊኖሊየም ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ዓይነት። እንዳልሽው የአረንጓዴውን ክላች ከፈትኩ። ግማሽ ሜትር ሳይሆን አንድ ስንዝር እንደለቀቅኩ ቀዩ ልክ አንድ ሰው ከዚያ ወገን እንደለቀቀው ሆኖ መጣ። በጀርባዬ ልወድቅ ነበር።

መልሼ አረንጓዴውን ወጠርኩ፤ ቀዩ ቆመ። ለቀቅኩ፤ መጣ። አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። ጎረቤት ጀልባ ላይ ያሉት ሰውዬ ቢራቸውን ይዘው ዝም ብለው ያዩኛል።

ምንድን ነው ይሄ?


ሸራ ሰፊዋ

ገመዶችህ ቡሙ ውስጥ እርስ በርስ ተጠማዘዋል።

ሁለት ገመድ አንዱ በአንዱ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ቢዞር፣ ሁለቱም ላላ ካሉ ምንም አይሉም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። አንዱን ስትወጥረው ግን ይደርቃል፤ ቀጥ ይላል፤ ሌላው እሱ ላይ እንደ እባብ ተጠምጥሞ ይቀራል። የተጠመጠመውን በሳብከው ቁጥር ይበልጥ ያንቃል። ዊንች ላይ ሦስት ዙር ጠምጥመህ ጫፉን በሁለት ጣት ስትይዘው ያን ሁሉ ጭነት የሚይዝልህ በምን ሆነና? በዚያው ነው። አንተ ቡምህ ውስጥ ሳታውቅ ዊንች ሠርተሃል።

አይወርድም አይወጣም ያልከውም ለዚህ ነው። ወደ ታች ስትስበው ያንቃል። ስትለቀው ደግሞ ወደ ኋላ የሚስበው ሸራው ብቻ ነው፤ በእጀታ አስገድደህ ካስገባኸው በኋላ የሸራው ጉልበት አይበቃም። ሁሉንም ስታወርደው ሁለቱም ላሉና ተፈታ።

ባሕር ላይ ደግሞ ቢይዝህ መድኃኒቱን አሁን አይተኸዋል። የፊተኛው የሁለተኛ ሪፍ ቀለበት መንጠቆው ላይ ካለ የአንደኛው ገመድ ሥራው አልቋል፤ ልቀቀው። ሸራው አንድ ደቂቃ ያህል ይራገፋል፤ ይሁን። እንዲያውም ባይጠማዘዙም ልማድ አድርገው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ሚያዝያ ላይ ሁለቱን ገመድ እንዴት ነው ያስገባሃቸው? አንድ ላይ?


ገመድ ሳቢው

ላለመመለስ አሰብኩ። ግን ጋሼም እያነበቡ ነው።

አዎ፣ አንድ ላይ። አሮጌውን አረንጓዴ ሳወጣ ጫፉ ላይ ቀጭን ሲባጎ አስሬ አሳለፍኩ። አሮጌውን ቀይ ዝም ብዬ መዝዤ ጣልኩት፤ «አንድ ሲባጎ ለሁለት ይበቃል» ብዬ። ከዚያ ሁለቱን አዳዲስ ገመድ ጎን ለጎን በፕላስተር ጠቅልዬ በዚያ በአንዱ ሲባጎ ጎተትኳቸው። አዲስ ገመድ ደግሞ ከጥቅሉ ሲወጣ ይሽከረከራል። እያየሁት ነበር፤ ፊቴ ላይ ሲሽከረከር።

እኔ በኮንዲዩት ቱቦ ውስጥ ሽቦ ስስብ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ረዳቶቼ ሁለት ሽቦ ተጠማዞ ሲያስገቡ ካየሁ አስወጥቼ እንደገና አስገባቸዋለሁ፤ ንግግርም እጨምርበታለሁ። አንዱ ረዳቴ አማርኛ ያነባል። እዚህ እንዳይመጣ ጸሎት አድርጉልኝ።


ሰሜን ስምጥ

የሱሪ ዚፕ ብዬ ነበር እኮ።


የምጽዋ ሽማግሌ

እኛ ዘንድ ይሄን ያደረገ ልጅ የመርከቧን ገመድ ሁሉ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ እንደገና ይጠቀልል ነበር። በምጽዋ ፀሐይ። አንተ ሃምሌ ላይ ምጽዋን ካላየህ ሙቀት አታውቅም።


ሸራ ሰፊዋ

ጋሼ ይማሩት፤ እሱ ብቻ አይደለም። እኛም ቤት አንድ ጊዜ ተደርጓል፤ ማን እንዳደረገው አልናገርም፤ እጇ አሁን ይጽፋል።

ወንድሜ፣ ስትፈታው አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እንደለመድከው ጫፉ ላይ ሲባጎ አስረህ ቀዩን እንዳታወጣ! ሲባጎው የገመዱን መንገድ ነው የሚከተለው፤ ጥምዙን እንዳለ ይወርሰዋል። ሰው ሁለተኛ ቀን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቀዩን ባዶውን መዝዘህ አውጣ። ከዚያ አረንጓዴው ብቻውን ሲቀር ወጥረህ እሰረው፤ ቀጥ ይበል። የሸራውን የታችኛ ጥግ ወደ ኋላ የሚስበው ገመድም እዚያው ቡም ውስጥ ነው፤ እሱንም ወጥረው። ሁለቱ መንገዳቸውን ያዙ ማለት ነው። ከዚያ አዲስ መንገድ ክፈት፤ በወለሉ፣ በቀዩ ፑሊ በኩል ያለውን ግድግዳ ይዘህ። እኛ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ አለን። አንተ ምን እንዳለህ አላውቅም።


ገመድ ሳቢው

ምን አለኝ! ፊሽ ቴፕ አለኝ እንጂ። መኪናዬ ውስጥ ሦስት አለ። ሽቦ የምናሳልፍበት ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ቡሙ አራት ሜትር ከሃያ ነው፤ የኔው ትንሹ ሃያ ሜትር ይሄዳል።

ትላንት ሠራሁት። ዝርዝሩን ላውራ፤ ሌላ ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

መጀመሪያ የቡሙን የኋላ ቆብ ማውጣት ነበረብኝ፤ ለማየት። አራት ብሎን ናቸው። ብሎኑ ስቴንለስ ነው፤ ቡሙ አልሙኒየም። ሁለቱ ብረቶች ጨዋማ ውሃ ላይ ሠላሳ ምናምን ዓመት ተቃቅፈው ሲቆዩ ነጭ ዱቄት ሠርተው ይጣበቃሉ። ሁለቱ በካቻቢቴ ወጡ። ሦስተኛው ዘይት ነፍቼ፣ ምሳ በልቼ፣ በሙቅ አየር አሙቄ ወጣ። አራተኛው አንገቱ ተበጠሰ። በመሰርሰሪያ አወጣሁት፤ ግማሽ ቀን። ስመልሳቸው በመካከላቸው መለያ ቅባት ቀብቻለሁ።

ቆቡ እንደወጣ በስልኬ መብራት አየሁ። እህቴ ሁለት ሦስት ዙር ብላ ነበር፤ አራት ነው። በትክክል ከቡሙ መሃል ትንሽ ወደ ፊት። የሴት ልጅ ሹሩባ ነው የሚመስለው፤ አረንጓዴና ቀይ። ቀዩ አረንጓዴው ላይ የተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ፀጉር አውጥቷል፤ ሽፋኑ ተፍቆ እንደ ጥጥ ሆኗል። ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ወንድም ላክሁለት። «እና ፍሬኑ ይሄ ነበር» አለኝ።

ቀዩን ባዶውን መዘዝኩ። አረንጓዴውንና ሦስተኛውን ገመድ ወጠርኩ። ፊሽ ቴፑን ከፊት በኩል አስገብቼ በቀኝ ግድግዳ ላይ እያስጠጋሁ ገፋሁ። ልጄ ከኋላ ሆና መብራት ይዛ «ግራ… ግራ… ወረደ… ያዝኩት!» ትላለች። አርባ ሰከንድ። አርባ ሰከንድ! ለአራት ብሎን ግን ግማሽ ቀን።

አዲሱ ቀይ 10 ሚሊ ነው። ከጥቅሉ ላይ ስስበው እንዳይሽከረከር መጀመሪያ መታሰሪያው እንጨት ላይ ርዝመቱን ዘርግቼ አስተኛሁት፤ ጋሼ፣ እንደ ምጽዋው፣ በፀሐይ። ሲገባ ልጄ ጫፉን በእጇ ይዛ እንዳይዞር አደረገች። ቆቡን ከመግጠሜ በፊት አረንጓዴውን ወጥሬ፣ ቀዩን እየሳብኩ፣ ውስጡን አየሁ። ጎን ለጎን እንደ ሁለት መስመር ይሄዳሉ፤ አይነካኩም።

ከዚያ ፈተና። አንደኛውን እስኪጮህ ወጠርኩ። ሁለተኛውን በአንድ እጅ ሳብኩት። ቀለበቱ ወርዶ ቡሙ ላይ ጠብ ብሎ ተቀመጠ። ዊንች አላስፈለገውም።


ሸራ ሰፊዋ

እሰይ! ሃልያርዱ ላይ ለየሪፉ ምልክት አለህ መሰለኝ። ቀዩ ገመድ ላይም ሙሉ በሙሉ ሲገባ ክላቹ ጋ የሚደርስበት ቦታ ላይ በክር ስፋበት። በጨለማ በጣትህ ታገኘዋለህ፤ ገና ከሆነም ታውቃለህ።


ገመድ ሳቢው

እሰፋለሁ። ዛሬ ደግሞ 18 ኖት ላይ ወጣን፤ ሦስታችንም ታስረን። ጋሼ እንዳሉት ጀልባዋን ማስተኛት ሞከርን። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ዞራ መጣች፤ ሦስተኛው ላይ ልጄ መሪውን ስትመልሰው ተኛች። እውነትም ድምፁ ይጠፋል። አንደኛውን አስገባሁ፤ ሁለተኛውን አስገባሁ፤ ፈታሁ። የባለቤቴ ወንድም ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳንድዊች ይበላል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ አረንጓዴው ገመድ ላይም ቀዩ ተጠምጥሞበት የነበረው ቦታ ተፍቋል፤ ሁለት ስንዝር ያህል። ውስጡ ያለው ደህና ነው፤ ሽፋኑ ብቻ ነው። እሱንም ልቀይር ወይስ ይቆያል?


ሸራ ሰፊዋ

ርዝመቱ ይተርፈዋል? ከተረፈው ገልብጠው። የኋላ ጫፉ ኮክፒት ይምጣ፤ ኮክፒት ያለው ወደ ኋላ ይሂድ። የተፋቀው ቦታ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። ግን ፑሊ ላይ ወይም ክላች ጥርስ ላይ እንዳይውል ለካ፤ ከዋለ ቀይረው። ስታወጣው ደግሞ አሁን ስላልተጠማዘዘ በሲባጎ ማውጣት ትችላለህ።

አንድ ሲባጎ፣ አንድ ገመድ።